የቅዳሜ ወንበሮች

ያን ጊዜ እዚያ ሰፈር የነበረ ሰው ዛሬም ያስታውሰዋል፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወንበር የተሸከመች ሴት ማየት ብርቅ አልነበረም። አንዷ በራሷ ላይ፣ አንዷ በብብቷ ሥር፣ አንዷ ደግሞ እንደ ሕፃን ጀርባዋ ላይ አዝላ ቁልቁለቱን ወደ ወንበር ጠጋኟ ቤት ትወርዳለች። ነገረኛው ልብስ ሰፊ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ከሱቁ ደጃፍ ይቆምና፣ "ወይ ጉድ! እናንተ ቤት ዝሆን ነው እንዴ የሚቀመጠው?" ይላቸዋል። ሴቶቹ ይስቃሉ፤ ስቀው ያልፋሉ። ከወንበሮቹ አብዛኞቹ አራት እግራቸው የጸና፣ መደገፊያቸው ንቅንቅ የማይል መሆኑን ግን ያ ሁሉ ወሬኛ አንድ ቀን እንኳ ልብ ብሎ አላየም። ስለ ሰው ቀሚስ ርዝመት ሲሆን የማያመልጣቸው ነገር የለም፣ እዚህ ላይ ግን ሁሉም ታወሩ።

ወንበር ጠጋኟን ሰው ሁሉ "እትዬ ሙጫ" ነበር የሚላት። ሙጫ ሙጫ ስለምትሸት ነው የሚሉ አሉ። የለም፣ የነገሯትን ይዛ ስለምትቀር ነው የሚሉም አሉ። እሷ ስሙን ትወደው ነበርና ማን እንዳወጣው አጣርታ አታውቅም።

ቤቷ ከአባቷ የወረሰችው አንድ ረጅም ክፍል ነው። ፊት ለፊቱ በር መንገዱ ላይ ይከፈታል፣ በስተኋላ በኩል ደግሞ ወደ ጓሮ የሚያወጣ ሌላ ትንሽ በር አለ። መስኮቱ ሥር የሥራው ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ እንጨቱን እንዳይነክስ በአሮጌ የጫማ ቆዳ የተለበጠ የእንጨት መያዣ ሞርሳ ተተክሏል። መጋዙ፣ መሮው፣ መላጊያው ግድግዳው ላይ ተሰቅለው፣ የእያንዳንዳቸው ቅርጽ ከሥራቸው በከሰል ተስሏል፤ አንዱ ከቦታው ቢታጣ ባዶ ጥላው ይናገራል። ከብስክሌት ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ከሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል፤ የተጣበቀ ወንበር የሚታሰረው በእሱ ነው። ጥግ ላይ ትንሽ ምድጃ አለች። ምድጃዋ ላይ የሙቅ ውኃ ድስት፣ ድስቱ ውስጥ ደግሞ የሙጫው ጣሳ። ከመጋረጃው ጀርባ እሷና እናቷ የሚተኙባቸው አልጋዎች ነበሩ።

አባቷ እጀ ወርቅ አናጢ ነበር። ጠጪም ነበር። ሁለቱንም ሰፈሩ ያውቃል። ሰፈሩ የማያውቀው ማታ ማታ እቤት ሲገባ የሆነ ነገር እንደሚሰበር ነው፤ ወይ ወንበር፣ ወይ የጠረጴዛ እግር፣ ወይ የቁም ሣጥን በር። እናቷም ከመካከል ትሆናለች። ጠዋት ግን ደንበኛ ሳይመጣ አባትየው ተነስቶ ስብርባሪውን ከወለሉ ላይ አንድ በአንድ ይለቅማል፣ ሙጫውን ያሞቃል፣ ይጠግናል። የተሰበረበት ቦታ በጣት ተዳሶ እንኳ እስከማይታወቅ ድረስ ነበር የሚጠግነው። እንግዳ ቢመጣ "አቤት የቤት ዕቃ!" ብሎ ነው የሚወጣው።

የሙጫውን ጣሳ የምትይዘው እሷ ነበረች። ያኔ ቁመቷ ከጠረጴዛው አይበልጥም።

"አለቃ፣ ሙጫው ደርሷል?" ይላታል አባቷ።

"ደርሷል።"

"አለቃ ካሉ እንግዲህ ማን ይከለክለኛል!"

ከዚያ በለሆሳስ እያንጎራጎረ ስብራቱን ይገጥማል፤ እሷ በእርጥብ ጨርቅ የተረፈውን ሙጫ ትጠርጋለች፤ ሲጨርሱ አፍንጫዋ ላይ ሰጋቱራ ቀብቶ ያስቃታል። "ስብራት ላይ ሚስማር እንዳትመቺ" ይላታል፣ "ሚስማር እንጨቱን የባሰ ይሰነጥቀዋል። አጣብቀሽ፣ ጠፍረሽ አስረሽ፣ እስኪደርቅ መታገስ ነው።" ፀሐይ በመስኮቱ ትገባለች። ቤቱ ይሞቃል። ይህን አፍ አውጥታ ለመናገር ስታፍር ኖረች እንጂ፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ከሕይወቷ ሁሉ የሚናፍቋት እነዚያ ጠዋቶች ነበሩ። የማታው ፍርሃት እንደ ጥርስ ሕመም ሲያልፍ ይረሳል፤ ጠዋቱ ግን አልረሳ አላት።

እናቷ በእነዚያ ጠዋቶች አልጋው ጫፍ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ እርጥብ ፎጣ ጉንጯ ላይ ይዛ ትቀመጣለች። አባትየው ቀና ብሎ ሳያያት፣ "ሻይ አለ?" ይላል። ትቀዳለታለች። እናቷ ወንበር ላይ ስትቀመጥ አይታት አታውቅም። የምትበላው አልጋው ጫፍ ላይ፣ እንግዳ የምታስተናግደው አልጋው ጫፍ ላይ ነው። "ወንበር ይቆረቁረኛል" ነበር የምትለው፤ እትዬ ሙጫም ልጅ ሆና፣ አድጋም፣ የእናቷ ጠባይ ነው ብላ ተወችው።

አባቷ ጉበቱ አልቆ ሞተ። መሣሪያዎቹን ሴት ልጁ አነሳቻቸው። በመጀመሪያ ወንዶቹ፣ "ሴት ልጅ መጋዝ ይዛ!" ብለው ተሳለቁ፤ ወንበራቸው ሲሰበር ግን ዓይናቸውን በጨው አጥበው መጡ። አላገባችም፣ አልወለደችም። እናቷን ይዛ፣ የሰው ወንበር እያዳነች፣ ጠዋት ጠዋት ሙጫ እያሞቀች ዕድሜዋ ነጎደ።

ዳቦ ቤት የምትሠራው ሴት በአንድ የሙቀት ጠዋት መጣች። ረጅም እጅጌ ለብሳለች። በአንድ እጇ እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ በአንድ እጇ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ፣ የትምህርት ቤት ልብስ የለበሰች ልጇን ይዛለች።

"ይቺ ልጅ ተወዛውዛበት ነው፣ እትዬ" አለች።

እትዬ ሙጫ የወንበሩን እግር ወደ ብርሃን አዞረችው። ልጅ የተወዛወዘበት ወንበር መጋጠሚያው ላይ ነው የሚላላው። ይሄ ግን ከወገቡ ነው የተቀነጠሰው፤ ጫፉ ላይም የግድግዳ ቀለም ለጥፎ መጥቷል። የሴትየዋን እጅጌ አየች። እንዲህ ዓይነቱን ውሸት ከናቷ ጡት ጋር ነው የጠባችው፤ መልሱንም እንደዚያው።

"አይ ልጆች!" አለችና ተቀበለቻት።

"ባለቤቴ ሲነሳ ተጠግኖ ቢጠብቀው ደስ ይለኛል። የከሰዓት ተረኛ ነው፤ አርፍዶ ነው የሚነሳው።" ባልየው የአውቶብስ ሹፌር ነበር።

ሙጫ በዚያ ፍጥነት አይደርቅም። እትዬ ሙጫ ግን ለዚች ሴት ስትል የአባቷን ሕግ ጣሰች፤ ወንበሩን ምድጃው ጥግ አስጠግታ አደረቀችው። ልጅቷ ሙጫው እንዴት እንደሚግል ለማየት ጣሳው ላይ ተደፋች።

"ልያዝልዎት?" አለች።

"ያዢ እስቲ፣ አለቃ።" ቃሉ ሳታስበው ነው ከአፏ የወጣው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ልማድ ሆነ። ልጅቷ ከትምህርት ቤት በፊት ከናቷ ጋር ትመጣለች፤ አንዳንዴ ወንበር፣ አንዳንዴ መሳቢያ፣ አንዴም የበር መዝጊያ ቁራጭ ይዘው። እንደ ወፍ እየዘለለች ስለምትገባና የዳቦ ፍርፋሪ ከኪሷ ስለማይጠፋ እትዬ ሙጫ "ድንቢጥ" አለቻት። ድንቢጥ ጨርቁን ትጨምቃለች፣ ላስቲኩን ትስባለች፣ ከመላጊያው የወጣ ጥቅልል ፍቅፋቂ ጆሮዋ ላይ አንጠልጥላ ጉትቻ ነው ትላለች። እትዬ ሙጫ ልቧ ስፍስፍ ይላል። ሳይመጡ ሲሰነብቱ ዓይኗ በሩ ላይ ይቀራል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ አላሰበችውም፤ ማሰብ አልፈለገችም ማለት ይቀላል።

አንድ ጠዋት ድንቢጥ ብቻዋን መጣች። ወንበሩን ራሷ ላይ ደፍታ፣ በእግሮቹ መካከል እየሳቀች።

እትዬ ሙጫ ገልብጣ አየችው። የታችኛው አግዳሚ ነው የተሰበረው። ስብራቱ ግን የሹፌሩ ስብራት አልነበረም፤ በድንጋይ፣ ከታች ወደ ላይ፣ በትንንሽ ምት ብዙ ጊዜ ተደብድቦ ነው። የትንሽ እጅ ሥራ።

"ማን ሰበረው?"

"አባዬ።"

"ድንቢጥ!"

ልጅቷ የጫማዋን ጫፍ ሰጋቱራው ውስጥ ቀበረች። "እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"አባዬ ሰሞኑን ምንም አልሰበረማ። ወደ እርስዎ ይዤው የምመጣው አጣሁ።" ከዚያ ደግሞ ምስጢር እንደሚያወራ ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ዕቃ ሲሰበር እኮ ደስ ይለኛል፣ እትዬ። ማታውን ነው የምፈራው እንጂ ጠዋቱን እወደዋለሁ።"

እትዬ ሙጫ ክው ብላ ቀረች። የሙጫው ጣሳ ይንተከተካል፣ ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታለች፣ ቤቱ ሞቋል፤ ሁሉም ነገር ልክ እንደዚያን ዘመን ነው። ፊቷ የቆመችው ራሷ ነበረች።

በርከክ ብላ ልጅቷን በትከሻዋ ያዘቻት። "ሳይሰበርም ነይ" አለቻት።

"ባዶ እጄን?"

"ባዶ እጅሽን። ወደኔ ለመምጣት ምንም መሰበር የለበትም። ሰማሽ?"

ልጅቷ ግራ ገብቷት ራሷን ነቀነቀችና ወደ ትምህርት ቤቷ ሮጠች። ከመጋረጃው ጀርባ አልጋው ሲጢጥ አለ። እናትየው ሁሉን ሰምታ ኖሯል።

"ያቺ ልጅ ቁርጥ አንቺን ናት" አለች። "አንቺም ጠዋቱን ትወጂው ነበር። አይሽ ነበር እኮ።"

"አባዬ ጠዋት ጠዋት ይጸጸት ነበር፣ እማዬ።"

"ተጸጽቷል። ለወንበሩ ነው የተጸጸተው።" ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ድካም ብቻ ነው ያለው። "ዕድሜ ልኩን ወንበር ይቅርታ ሲጠይቅ ኖረ። እኔን አንድ ቀን አልጠየቀኝም። ለምን ይጠይቀኛል? ከእንቅልፉ ሲነቃ ቤቱ ደህና ነው። አሁን ደግሞ አንቺ የዚያችን ሴት ባል ቤት ሳይነቃ እያሰናዳሽለት ነው።"

እናቷ ወንበር ለምን እንደሚቆረቁራት ለእትዬ ሙጫ የገባት ያኔ ነው፤ ይህን ያህል ዘመን ቆይቶ፣ ጸጉሯ ሸብቶ። መጋረጃውን ገልጣ ገብታ፣ አጠገቧ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እናትየዋ ለረጅም ጊዜ እጇን ይዛት ቆየችና፣ "በይ አሁን ሻይ አፍይልኝ፤ ዛሬ አንቺ ቅጂልኝ" አለቻት።

ለዳቦ ቤቷ ሴት ነገሩን እንዴት እንደምትጀምርላት ስታወጣ ስታወርድ ሰነበተች። ሥራ ቦታዋ ድረስ ሄደች፤ ሴትየዋ ከባንኮኒው ጀርባ ዳቦ እየቆጠረች፣ "ደህና ነን፣ እትዬ፤ ልጅቷ ናት እኮ" አለቻት። ለካ ውሸትም እንደ ሙጫ ነው፤ ከደረቀ በኋላ ለመላቀቅ ጊዜ ይፈልጋል።

በዚያው ሰሞን የጤና ጣቢያዋ ነርስ አግዳሚ ወንበር ልታስጠግን መጣች። ወሬኛ አይደለችም፣ ግን ተናዳ ነበር። ቤታቸው ውስጥ ጠጪ ላለባቸውና ዱላ ላለባቸው ቤተሰቦች ቅዳሜ ቅዳሜ መሰብሰቢያ ከፍታ ነበር፤ የመጣው ሰው ግን እሷው ራሷ ብቻ ናት።

"ያፍራሉ" አለች ነርሷ። "ቅዳሜ የኛን በር የረገጠች ሴት ሰኞ የሰፈር መዝናኛ ናት። ባሏም ይሰማል።"

እትዬ ሙጫ የአግዳሚውን እግር ትልግ ነበር። ከዚያ መላጊያውን አስቀመጠች። "ወንበር የተሸከመችን ሴት" አለች፣ "ወዴት ነሽ ብሎ የሚጠይቃት የለም።"

የቅዳሜው ስብሰባ እትዬ ሙጫ ቤት የተጀመረው እንዲህ ነው። መጀመሪያ የመጡት ጥቂት ነበሩ። አንዷ በእውነት የተሰበረ ይዛ መጣች፤ ሌሎቹ ከሳሎናቸው ደህናውን አንስተው ነው የመጡት። ዳቦ ቤቷ ሴትም አንድ ቅዳሜ በሩ ላይ ብቅ አለች። ድንቢጥ ናት ያመጣቻት፤ "እትዬ ሳይሰበርም ነይ ብላኛለች፣ አንቺም ነይ" ብላ። እያንዳንዷ ሰጋቱራው ላይ የራሷን ወንበር አቁማ ተቀመጠች። ከቤታቸው ይዘው በመጡት ወንበር ላይ ተቀምጠው ስለ ቤታቸው አወሩ። ነርሷ አትሰብክም። "ሌላ ሰው የሚጠጣው በናንተ ጥፋት አይደለም፤ እናንተም አፉን ይዛችሁ አታስቆሙትም" ትላለች። ክፉ ቀን ከመጣ የት እንደሚኬድ፣ ለማን እንደሚነገር፣ ምን ተሰናድቶ መቀመጥ እንዳለበት ታስረዳለች። ከዚያ ዝም ብላ ታዳምጣለች።

እትዬ ሙጫስ? እሷ ጠረጴዛዋ ጋ ቆማ አልፎ አልፎ መዶሻዋን ባዶ እንጨት ላይ ታሳርፋለች፤ የሚያልፈው ሁሉ ሥራ ላይ ናቸው እንዲል። የምታለቅስ ሲኖር አጥብቃ ትመታለች። አንድ ቀን ሁሉም በአንድ ላይ ሆድ ብሷቸው መዶሻዋ ሲበረታ፣ ልብስ ሰፊው ከማዶ ሆኖ፣ "እትዬ፣ ቤቱን ልታፈርሱት ነው እንዴ?" ብሎ ጮኸ። ያለቀሱት ሁሉ በሳቅ ፈነዱ። ያን ሳቅ እትዬ ሙጫ እስከ ዛሬ ትሰማዋለች። እናቷም መጋረጃዋን ገልጣ ከአልጋው ጫፍ ታዳምጣቸው ነበር፤ የሴቶቹ ልጆች ጓሮ ሆነው ከፍቅፋቂ ጀልባ ይሠራሉ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ሹፌሩ የዳቦ ቤቷን ሴት ክንድ ሰበረ። ጤና ጣቢያ ሄዳ ለመጀመሪያ ጊዜ "ወድቄ ነው" አላለችም። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ በደህናው እጇ ወንበር ይዛ መጥታ፣ ሴቶቹ ፊት፣ "እሄዳለሁ" አለች። ሌላ ከተማ ታላቅ እህት አለቻት። ችግሩ አወጣጡ ነው፤ ሻንጣ ይዛ በሩን ብትወጣ ወሬው እሷን ቀድሞ አውቶብስ ተራ ይደርሳል።

መላ ያገኘችላት እትዬ ሙጫ ናት። በየቅዳሜው ከወንበሩ መቀመጫ ሥር፣ በዚያው በጎማ ላስቲክ ጠፍሮ አንድ ጥቅል ማሰር። አንድ ቀን የልጅቷ ሹራብ፣ አንድ ቀን የክትባት ካርዷና የትምህርት ቤት ወረቀቷ፣ አንድ ቀን ጫማ። ሹፌሩ አንዴ መንገድ ላይ አግኝቷት፣ "ደሞ ተሰበረ?" ብሏታል። "ደሞ ተሰበረ" ብላው አለፈች። ጥቅሉ ከእትዬ ሙጫ አልጋ ሥር ተከማቸ።

እትዬ ሙጫ እያንዳንዱን ጥቅል ስትፈታ ድንቢጥ ከእጇ እየወጣች እንደሆነ ታውቃለች። አንድ ምሽት ሹራቡን አጣጥፋ ስታስቀምጥ፣ ትንሽ ቢቆዩስ፣ ክረምቱ እስኪያልፍ እንኳ፣ የሚል ሐሳብ መጣባት። በዚያ ሐሳብ በራሷ ላይ ተናደደች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ለቀጣዩ ጥቅል ባዶውን ላስቲክ ከወንበሩ ሥር ከወትሮው አጥብቃ አሰረችው።

የመጨረሻው ቀን ዝናብ ነበር። እናት ወንበር፣ ልጅ ደግሞ ትንሽ በርጩማ ተሸክመው በመንገዱ በር ገቡ። ነርሷ ያመጣችው ታክሲ ከጓሮው በኩል ቆሞ ነበር። ሴቶቹ ቅዳሜያቸውን እንደ ወትሮው ተቀምጠዋል፤ መዶሻውን የምትመታው ሌላ ናት።

"እዚያም ወንበር ጠጋኝ አለ?" አለች ድንቢጥ።

"አይጠፋም።"

"እኔ እዚያ ባዶ እጄን ማን ጋ ነው የምሄደው?"

እትዬ ሙጫ ከጠረጴዛው ላይ ሰጋቱራ ቆንጠር አድርጋ አነሳች። "እናትሽ ጋ" አለች። "ከእንግዲህ ጠዋት ጠዋት እናትሽ ጋ ነው።" አፍንጫዋ ላይ ሰጋቱራ ቀባቻት፤ ልጅቷ ሳትጠርገው ታክሲው ውስጥ ገባች።

በማግስቱ ጠዋት ሹፌሩ መጣ። ሳይጠጣ ነው የመጣው፤ ጢሙ አድጎ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ የተገነጠለ የወንበር መደገፊያ ይዞ።

"ባለቤቴን አይተዋታል? ትላንት ወደዚህ ወንበር ይዛ ወጥታ አልተመለሰችም።"

"አይቻታለሁ። ደህና ናት። የት እንዳለች አልነግርህም።"

ሰውየው ወደ እሷ ተራመደ። እትዬ ሙጫ እጇ መዶሻው ላይ ነበር፤ ፈርታለች፤ አልፈራሁም አትልም። መጋረጃው ተገለጠና አሮጊቷ እናቷ ወጥታ አጠገቧ ቆመች። ሁለት ሴቶች፣ አንዷ በምርኩዝ። ሹፌሩ እነሱን አየ፣ በእጁ የያዘውን አየ፤ ቆሌው ተገፈፈ።

"እሺ ይሄን ይጠግኑልኝ" አለ። "ስትመለስ ደህና ሆኖ ታግኘው።"

"አልጠግንልህም።"

"ለምን?"

"እስካሁን ስንቱን እንደጠገንኩልህ ታውቃለህ?"

"አላስታውስም" አለ። "እውነቴን ነው፣ እትዬ። ስነቃ ምንም አላስታውስም።"

"አታስታውስማ! የምታስታውሰው እንዳይኖር ስንሠራልህ ከርመን! ያንን ቤትህ ውሰድና የወደቀበት ቦታ አስቀምጠው። ጠዋት ስትነሳ እየው። ይቅርታ መጠየቅ ሲያምርህ ደግሞ እንጨቱን አትጠይቅ። ለሚጠጡ ሰዎች ጤና ጣቢያው ማክሰኞ ክፍት ነው፤ እዚያ ወንበር አላቸው።"

ደፍ ላይ ተቀምጦ ብዙ አለቀሰ። አላባበለችውም። ደግሞም አላባረረችውም። ሲሄድ መደገፊያውን ይዞ ሄደ። ማክሰኞ ሄደ ሲሏት ተደሰተች፣ ተወው ሲሏት አዘነች፣ እንደገና ጀመረ ሲሏት እስቲ እናያለን አለች።

ያን ክረምት ቤቱ ጭር አለባት። በሥራ ዘመኗ ሙሉ አድርጋው የማታውቀውን ነገር ያደረገችው ያኔ ነው፤ ከአዲስ እንጨት አዲስ ወንበር ሠራች። ሲያልቅ ወስዳ እናቷ አልጋ አጠገብ አቆመችው።

አሮጊቷ በጣቷ ዳሰሰችው፤ መጋጠሚያውን፣ እግሮቹን፣ ከሥር። "ይሄ ተሰብሮ ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እኔው ነኝ የሠራሁት፣ እማዬ።"

እናቷ ቀስ ብላ ከአልጋው ጫፍ ተነሳችና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ጀርባዋን አስደገፈች። እጆቿን የክንድ መደገፊያው ላይ ዘረጋች። ብዙ ቆይታ፣ "አይቆረቁርም" አለች። እስክትሞት ድረስ ሻይዋን እዚያ ላይ ነው የጠጣችው።

ዓመታት ሄዱ። የቅዳሜ ሴቶች አንዳንዶቹ ቤታቸው ደህና ሆነ፣ አንዳንዶቹ ቤታቸውን ለቀቁ፣ አንዳንዶቹ ዛሬም ይመጣሉ፤ አሁንማ ወንበር መሸከም ትተው በግልጽ ነው የሚመጡት፣ ልብስ ሰፊውም አርጅቶ መቀለዱን ትቷል። እትዬ ሙጫ እጇ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ሥራውን ለሌላ ሰጥታለች፤ ጠዋት ጠዋት ግን ከልማድ ምድጃዋን ታቀጣጥልና ሙጫውን ታሞቃለች። ያ የእናቷ ወንበር መስኮቱ ሥር ቆሟል። ማንም አይቀመጥበትም።

በቅርቡ አንድ ጠዋት በሩ ላይ አንዲት ወጣት ሴት ቆመች። ቁመቷ ዘለግ ያለ፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ያንጠለጠለች። እትዬ ሙጫ ፊቷን ከማየቷ በፊት እንደ ልማዷ እጇን አየች፤ ምን ይዛ መጣች ብላ።

"ምን ተሰበረ፣ ልጄ?"

"ምንም አልተሰበረም፣ እትዬ" አለች ወጣቷ፤ ሁለቱን መዳፎቿን ገልብጣ አሳየቻት። "ባዶ እጄን ነው የመጣሁት።"

ድንቢጥ ገብታ ጉንጯን ሳመቻት፣ ደግማ ሳመቻት። እናቷ ደህና ናት፣ የራሷን ትንሽ ዳቦ ቤት ከፍታለች። ድንቢጥ አባቷን አንዳንድ እሁድ ታገኘዋለች፤ ሻይ ይጠጣሉ። አንዳንዴ ይቀራል፤ የቀረ ቀን ለምን እንደቀረ ታውቃለች፣ አልቅሳም ታውቃለች፣ ግን ጥፋቱ የሷ እንዳልሆነ ታውቃለች። ባለፈው እሁድ ይቅርታ ጠይቋታል። "ፊቴን እያየ ነው የጠየቀኝ" አለች።

ከዚያ ዞር ዞር ብላ ቤቱን አየች፤ መጋዙን፣ የከሰል ጥላዎቹን፣ ላስቲኩን። "ሙጫው ደርሷል?" አለች እየሳቀች፣ "ልያዝልዎት?"

"ዛሬ የሚጠገን የለም፣ አለቃ" አለች እትዬ ሙጫ። ጣሳውን ከምድጃው አወረደችና በቦታው የሻይ ማንቆርቆሪያውን ጣደች። ከዚያ የእናቷን ወንበር አቧራ በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ፣ ወደ ፀሐዩ አስጠግታ፣ "ተቀመጪ" አለቻት።